ሳታነቢ አትፈርሚ

ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ቢያማትም ቤተ ክርስቲያን መሳሟን አልተወችም።

አክስትሽ ቅዳሜ ማታ ደውላ ነበር። ሦስት ሌሊት በተከታታይ ዘፍነሽ ድምፅሽ እንደተዘጋ፣ ያ ሰውዬም የአልበሙን ወጪ በሙሉ እችላለሁ ብሎ ወረቀት እንደሰጠሽ ነገረችኝ። አንቺን ስጠይቅሽ «አባባ አታስብ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚፈርመው» አልሽኝ። በስልክ ከሆነ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ልጄ፣ ሳታነቢ አትፈርሚ።

መጀመሪያ ግን ድምፅሽን። ዝም በይ። ማንሾካሾክም ይቅርብሽ፤ ጉሮሮ ያሳርፋል ይመስላል እንጂ ያደክማል። ውሃ ጠጪ። ሁለት ሳምንት አልፎት ካልተከፈተ የጉሮሮ ሐኪም ይየው፤ ገንዘብ ካነሰሽ ለአክስትሽ ንገሪያት፣ እኔ ከእሷ ጋር እተሳሰባለሁ።

«አስቴርም እዚሁ ዋሽንግተን፣ ምግብ ቤት ውስጥ ነው የጀመረችው» ያልሽኝ ልክ አይደለም። በዚህ እንኳ አትከራከሪኝ። አስቴር አወቀ ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ናት፤ ገና በለጋነቷ ከአይቤክስና ከሸበሌ ባንድ ጋር መድረክ ላይ ነበረች። የካይፋ ሙዚቃ ቤቱ አሊ አብደላ፣ አሊ ታንጎ የምንለው፣ ወጪዋን ችሎ አምስት ካሴትና ሁለት ሸክላ አወጣላት። አሜሪካ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1981። ምግብ ቤት ስትዘፍን ሥራዋ ቀድሟት አገር ያዳረሰ ዘፋኝ ነበረች። እንዲያም ሆኖ በስሟ የተሰየመው አልበም ትሪፕል ኧርዝ በተባለ የለንደን ትንሽ ኩባንያ በኩል የወጣው በ1989 ነው። ስምንት ዓመት! አንቺ ከሄድሽ ገና ሁለተኛ ፋሲካሽ ነው። ያ ትልቁ የሙዚቃ ኩባንያ ኮሎምቢያ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ «ካቡ»ን በ1991 አወጣላት።

«ካቡ» ደሴ ሲገባ አስታውሳለሁ። መንግሥት የተለወጠበት ዓመት ነበር። አንድ ከውጭ የመጣ ሰው ሲዲውን ይዞት መጣ፤ ሲዲ ማጫወቻ ያለው ሰው ግን ፈልገን ያገኘነው በስንት መከራ ነው። ሽቦ ቀጥለን ወደ ካሴት ቀዳነው። ከዚያች አንዲት ካሴት ሌሊቱን ሙሉ አባዛሁ። ማባዣው በፍጥነት ሲያዞር ድምፅዋ እንደ ወፍ ጫጫታ ይሆናል፤ እኔ ግን በዚያም ውስጥ እለያት ነበር። ያቺ ስትወጣ የምታርገበግባት፣ ጫፍ ላይ አድርሳ ቶሎ የማትለቃት ነገር አለች አይደል? ኮፒ በኮፒ ሲቀዳ መጀመሪያ የምትሞተው እሷ ናት። ሦስተኛው ኮፒ ላይ ሹክሹክታ ብቻ ይቀራል። ሰው ግን ገዛኝ። ያ የካሴት ሱቄ ነው ወንድምሽን ወተት ያጠጣው፣ ይህንን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰው። ሁሉም ያባዛ ነበር ብዬ ስንት ዓመት ራሴን አጽናናሁ። አንቺም «ሁሉም እንደዚያ ነው» ስትይኝ ደነገጥኩ፤ የኔው ቃል ነው።

አንድ ነገር ነግሬሽ አላውቅም፤ እናትሽም አታውቀውም።

ክረምት ነበር። አንዲት ሴት ጃንጥላዋን በር ላይ አራግፋ ገባች፤ ልጅ አዝላለች። የአንዲት ዘፋኝ ስም ጠርታ ካሴቷ አለ ወይ አለችኝ። አለ አልኳት። አውጥቼ ስሰጣት ሽፋኑን ብዙ አየችው። ሽፋኑ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ፎቶውም ጥላሸት መስሏል። «ፊቴን አጠቆራችሁት» አለችና ፈገግ አለች። ያኔ ነው ያወቅኳት። በፊት ኪነት ውስጥ ነበረች፤ አዲስ አበባ ወስደው አስቀዷትና ያገኘችው የአንድ ጊዜ ክፍያ ብቻ ነው። ወረቀት ፈርማለች፤ ምን እንደሚል ግን አላነበበችውም። ለራሷ እንኳ አንድ ካሴት አልሰጧትም፤ ልትገዛ ነው የመጣችው። «ስንት ተሸጠ?» አለችኝ። ሦስት አልኳት። ልጄ፣ ከሁለት መቶ በላይ አባዝቼ ሸጬ ነበር። ክፈተው አለችኝ፣ ከፈትኩት። ባንኮኒውን ተደግፋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ሙሉ ዋጋውን ቆጥራ ሰጠችኝ። ተቀበልኳት። «ያንቺ ነው፣ ውሰጂው» ማለት አቅቶኝ አልነበረም፤ ሳንቲሙን እንኳ መልሼ ቆጠርኩት።

ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ጠይቄ ነበር፤ ቤቷን ለቃለች አሉኝ።

የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410፣ በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ እኔ ካሴቱን ትቼ የስልክ ቀፎ ወደ መሸጥ ዞሬ ነበር። አዋጁ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው ይላል። እዚያ ያለው ሕግ ሌላ ነው፤ ግን እዚህም እዚያም ከፈረምሽ በኋላ የሚናገረው ወረቀቱ ነው፣ ሰውየው በአፉ ያለሽ አይደለም። ስለዚህ ሳታነቢ አትፈርሚ። ማስተሩ፣ ዋናው ቅጂ ማለት ነው፣ የማን እንደሚሆን እይ። ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ስንት አልበም እንዳሰረሽ እይ። «ለዘለዓለም» የሚል ካለ ወረቀቱን መልሺለት። ግጥምና ዜማው ያንቺ ከሆነ ያንቺ መሆኑ ይጻፍ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ ጠበቃ ያንብብልሽ፤ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስተሽም ለእኔ ላኪልኝ። ከተቆጣ ይቆጣ። የሚያቻኩልሽ ሰው ምን እንዳትደርሽበት እንደሚፈራ ጠይቂ።

ሆዴ፣ ዘፈንሽን ጠልቼ አይደለም። ያቺን አምባሰል የምትጫወቺባትን ስልኬ ላይ ስንቴ እንደምከፍታት እናትሽ ትነግርሻለች። ታዲያ ከአፍንጫሽ አታውጪው፤ ከሆድሽ አውጪው።

የጎረቤታችን ልጅ በሚቀጥለው ወር ስትመለስ በርበሬና ሽሮ ይዛልሽ ትመጣለች። በርበሬው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ካሴት አለ። የሴትዮዋ ነው፤ ካርቶን ውስጥ አንድ ቀርቶ አገኘሁት፣ ኮፒ ሳይሆን ከዋናው። በማንም ቴፕ እንዳትከፍቺው፤ ስፖንጇ ወድቃለች፣ ክሩን ሊጎዳው ይችላል። መጀመሪያ ስፖንጇን ያስለጥፉልሽ፤ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ሰው ፈልጊ። ሁለተኛው ገጽ፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ክሩ ተበጥሶ በእጄ የቀጠልኩት ቦታ ስላለ ቀስ ብለው ይዙት። ስሟ ሽፋኑ ላይ አለ። እዚያ ካለው አበሻ የሚያውቃት ካለ ጠይቂልኝ፤ ወይም ያን ያዘለችውን ልጅ።

አባትሽ