ለእታለሜ፣ ከሐይቅ

እታለሜ፣

እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በመጥፋት ነገር አንወቃቀስ፤ አንቺም ጠፋሽ፣ እኔም ጠፋሁ፣ ተካክሰናል።

ሥራዬን ካልሽኝ፣ የአኩሪ አተር ሰባኪ ሆኜልሻለሁ። አትሳቂ! ቀበሌ ለቀበሌ እየዞርኩ እናቶችን አሠለጥናለሁ።

ነገሩ እዚህ አዲስ አይደለም። ከዚህ በፊት አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ዘር አድሎ፣ ፖስተር ለጥፎ ሄዷል። ፖስተሩ «ፕሮቲኑ ከ36 እስከ 40 በመቶ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ባቄላም ሽምብራም አይደርሱበትም። ዘይቱም 20 በመቶ ገደማ ነው። ግን አበሳሰሉን ማንም አላሳየም። እናቶቹ እንደ አተር ከክተው ወጥ ሠሩት፤ ሣር ሣር አለ፤ ልጆቹ ተፉት። የቀረው ለዶሮ ተበተነ። (ጥሬው ለዶሮም አይበጅም፤ እሱንም የነገራቸው የለም።)

የሽታው ምክንያት ግን ከታወቀ ቆይቷል። ፍሬው ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም፣ ፍሬው ተሰብሮ ውሃ ሲነካው ከዘይቱ ጋር ይገናኝና ያን ጠረን ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መፍትሔውን አሳዩ፦ ፍሬው እንዳለ፣ ሳይሰበር፣ በፈላ ውሃ ይቀቀል። ሙቀቱ ፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ እንዳይፈጭ የሚያግደውንም ነገር ያከሽፈዋል። እኔ ይኼን ሁሉ አልደሰኩርም። ድስት እጥዳለሁ።

ውሃው ሲንተከተክ የተለቀመውን ፍሬ ዘው አደርገዋለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈላል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በእጅ ሲታሽ ገለባው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ሰፌድ ላይ ፀሐይ ይመታዋል፤ ሲደርቅ ምጣድ ላይ ለስለስ ባለ እሳት ይታመሳል። ያኔ ሽታው ለውዝ ለውዝ ይላል። ሴቶቹ እየተቀባበሉ ያሸቱታል፤ ከዚያ አንዷ ቆረጥ ታደርጋለች፣ ሌላዋ ትከተላለች፣ ሰፌዱ ይጎድላል።

ወፍጮ ቤት ነው ጣጣው። ብቻውን ሲፈጭ ቅባቱ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል። ባለወፍጮው ጮኸብኝ፤ አልፈረድኩበትም። አሁን ሦስት እጅ ማሽላ ወይም በቆሎ ላይ አንድ እጅ እናስገባለን። ለገንፎውም የሚሻለው እሱ ነው። እህሉ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ አኩሪ አተሩ ይሞላለታል፤ አኩሪ አተሩ የሚያንሰውን ደግሞ እህሉ።

ባለፈው ወተቱን ሠርቼ ቡና ላይ አቀረብኩ። አንዲት ክርስቲያን ጎረቤቴ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ብርጭቆውን ገፋ አድርገው «ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አሉኝ። ከአኩሪ አተር ነው ብል አላመኑም። ማድ ቤት ገብተው አሠራሩን ካዩ በኋላ ጠጡ፤ «ስኳር አንሶታል» ብለውም ተቹ። ለጾም ወራት የሚሆን ሰው አገኘሁ ማለት ነው!

እንግዲህ የኔ አቋም ይኼ ነው፦ ወሎ ላይ አኩሪ አተርን የሚያስለምደው የፖስተር ቁጥር ሳይሆን ምድጃ ነው። አለቆቼ ግን አሁንም ፖስተር ይወዳሉ።

አንድ ሁለት ኪሎ በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ። ቀቅለሽ፣ አምሰሽ፣ ከሽሮሽ ጋር አስፈጪው። ለልጆቹ አትንገሪያቸው፣ ዝም ብለሽ አቅርቢ። ከጣማቸው ጻፊልኝ። ካልጣማቸውም ጻፊ፤ ስንት ደቂቃ እንደቀቀልሽው ጨምረሽ።

እህትሽ