የሙዚቃ ክበብ ዘገባ፦ «ቲቸር፣ ኢኮኖሚ ላይ ያድርጉት»

ይህን ዘገባ በአባላት ብዛትና በስብሰባ ቁጥር ልጀምረው ነበር፤ ግን እሱን ማን ያነበዋል? ባጭሩ፦ መስከረም ላይ 34 ሆነን ጀመርን፣ ፈተና ሲቃረብ 19 ቀረን፣ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ተለማመድን፣ የጊታር ክር ሲበጠስብን ሁለት ሳምንት ቁጭ አልን። አለቀ። የቀረው ስለ አንዲት ሣጥን ነው።

ሣጥኗ የጊታር ኢፌክት ፕሮሰሰር ናት፣ የጊታሩን ድምፅ የምትቀያይር ማለት ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ከውጭ ሲመጣ ያገለገለች አምጥቶ ሰጠን፣ እግዜር ይስጠው። ጊታሩ በአንድ ወገን ይሰካል፣ በሌላው ወገን ወደ ስፒከር ይወጣል፣ መሃል ላይ በእግር የሚረገጡ ቁልፎችና ትንሽ ስክሪን አሏት። ድምፁን የሚያሻክር ዲስቶርሽን፣ አዘግይቶ የሚደግመው ዲሌይ፣ ድርብ የሚያስመስለው ኮረስ፣ ምን የሌላት አለ። ዓመቱን ሙሉ ያጨቃጨቀን ግን ሪቨርብ ነው።

ሪቨርብ ማለት ባዶ አዳራሽ ገብታችሁ አንዴ ስታጨበጭቡ እጃችሁ ካቆመ በኋላ የሚቀረው ድምፅ ነው። ልጆቹ «ጅራት» ይሉታል፣ እኔም ለመድኩት። ሣጥኗ ያን ጅራት በስሌት ትሠራዋለች፤ በቅንብሩ ውስጥም «ኳሊቲ» የሚል ምርጫ አለ፦ ኢኮኖሚ፣ ኖርማል፣ ሃይ፣ አልትራ ሃይ።

እኔ ምን አደረግሁ? አልትራ ሃይ ላይ አድርጌ ረሳሁት። ኳሊቲ ምረጥ ተብሎ ዝቅተኛውን የሚመርጥ አለ እንዴ? ጊታሪስታችን፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ገና በሁለተኛው ሳምንት «ቲቸር፣ ኢኮኖሚ ላይ ያድርጉት፣ ይበቃናል» ብላኝ ነበር። ሳቅሁባት።

ጥቅምት ላይ፣ በሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ ሜዳው ላይ ተሰልፈን ሦስተኛውን ዘፈን ስንጫወት ለሶሎዋ ዲሌዩን ረገጠች። ጸጥ። ከበሮው ይሄዳል፣ ኪቦርዱ ይሄዳል፣ ጊታር የለም። ኬብል ነው ብዬ ተንበርክኬ ጃክ ስወዘውዝ፣ ርዕሰ መምህራችን ከወንበራቸው ቀና ብለው ሲያዩኝ፣ የ9ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ እኔን በስልክ ሲቀርጹ፣ እሷ ዝም ብላ ጎንበስ አለችና ዲሌዩን አጠፋችው። ጊታሩ ተመለሰ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ቁጥር ቀይ ሆና ነበር፤ እኔ አላየኋትም፣ እሷ አይታታለች።

ቁጥሯ የፕሮሰሰሩ ጭነት ናት፣ በመቶኛ። ባጃጅ አስቡ። ሦስት ሰው ጭኖ ወደ ቀበሌ 14 በሰላም ይሄዳል፤ አራተኛውም ሲጠጋጉ ይገባ ይሆናል፤ አምስተኛው ሲጨመር ግን ዳገቱ ላይ ይቆማል። የእኛ ሪቨርብ ብቻውን ሦስት ሰው ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ዲሌዩ ሲሳፈር ሣጥኗ አቃታት።

ለምን ይህን ያህል ይከብዳል? ሣጥኗ የገባላትን ድምፅ ለብዙ ማዘግያዎች ታከፋፍለዋለች። እያንዳንዱ ማዘግያ በተለያየ ሚሊ ሴኮንድ አቆይቶ ይመልሰዋል፣ የተመለሰው እንደገና ይገባል፣ እየደከመ ይዞራል፣ እስኪጠፋ። ኳሊቲው ከፍ ሲል ሥራው ይበዛል፣ ማሚቶዎቹ ይጠቀጠቃሉ፣ ጅራቱ እንደ ጭስ ልስልስ ይላል። ዝቅ ሲል ይሳሳል፤ በደንብ ካዳመጣችሁ ፍሬ ፍሬው ይሰማል። በነገራችን ላይ ድሮ ይህን የሚሠራው ስሌት ሳይሆን ብረት ነበር። በፈረንጆቹ 1957 የወጣው የጀርመኑ ኢ.ኤም.ቲ. 140 በሣጥን ውስጥ የተንጠለጠለ ትልቅ የብረት ሰሌዳ ሲሆን ክብደቱ 270 ኪሎ ገደማ ነው። እሱን እንኳን ባጃጅ አይሱዙም ያጉረመርምበታል። እኛ በቦርሳ ይዘን ስለምንዞር ብዙም አናማርር።

ወደ ጭቅጭቁ ልመለስ። ከዚያ ቀን በኋላም አልተሸነፍኩም። «እሺ፣ ይወዳደር» አልኩ። ጊታሪስታችን ስክሪኑን በደብተር ሸፈነችው፣ አባላቱ ተራ በተራ ጆሮ ማዳመጫ አደረጉ፣ እሷ አንዴ ኢኮኖሚ አንዴ አልትራ እያደረገች በዲስቶርሽን ተጫወተች። የለየ የለም። እኔም አልለየሁም፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ በልበ ሙሉነት ተሳሳትኩ። ጊታሩ ሲጮህ፣ ከበሮና ቤዝ ሲጨመርበት፣ ጅራቱ ከሥር ይቀበራል። ያልተሰማ ነገር ልስልስ ሆነ ሻካራ ምን ለውጥ አለው?

ከዚያ ክራር መጣ። የ10ኛ ክፍሉ ልጃችን ክራሩ ላይ የምትለጠፍ ማይክ አድርጎ ሣጥኗ ላይ ሰካው፣ ትዝታ ጀመረ። የክራር ድምፅ ጠብታ ነው። ጠብ ይላል፣ ወዲያው ያልቃል፣ ቀጥሎ ባዶ ቦታ አለ፣ በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ሪቨርቡ ራቁቱን ቆሞ ይታያል። ጅራቱን ወደ 6 ሴኮንድ አስረዘምነው። ኢኮኖሚ ላይ ጣሳ ውስጥ ሽንብራ የሚነቀነቅ ይመስላል፣ ትር ትር ትር ይላል። ሃይ ላይ ሽንብራው ጠፋ። አልትራ ላይ ትንሽ ጨመረ፣ በጣም ትንሽ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ተያየን። «አያችሁ!» አልኩ። እሷም «ለክራሩ አዎ» አለችኝ፣ ከዚያ በላይ አልሰጠችኝም።

ከዚያ ወዲህ የትም ስንሄድ የምንፈትሽበት ዘዴ አለን። ሚክሱን፣ ማለትም ከዋናው ድምፅ ጋር የሚቀላቀለውን የሪቨርብ መጠን፣ 100 ላይ ታደርጉና ዋናው ድምፅ እንዳይሰማ፣ ክሩን በመዳፍ አፍናችሁ አንዴ «ጭ» ታደርጋላችሁ፣ ጅራቱን ብቻ ታዳምጣላችሁ። ጉዱ ካለ እዚያ ይወጣል። ቀጥሎ ሚክሱን ወደ ቦታው መልሳችሁ ከሙሉ ባንድ ጋር ትሰማላችሁ። ጉዱ እዚያ ካልተሰማ በዝቅተኛው ሂዱ።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ስፒከር ይዘን ጣና ዳር ወጣን። ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር ሆነን ወደ ፎቁ ግድግዳ አጨብጭበን ነበር፤ 60 ሜትር ያህል ነው፣ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ አንድ ሦስተኛ ሴኮንድ ይፈጃል፣ ልጆቹም በጆሯቸው ያዙት። ሐይቁ ዳር ግን ፊታችንን ወደ ውሃው አዙረን ብናጨበጭብ የሚመልስልን የለም። ውሃው ሜዳ ነው፣ ገደል የለው፣ ማሚቶ ከየት ይምጣ? አንድ ታንኳ ደንገሉ እስከ ወገቡ ርሶ ቀስ ብሎ አለፈ፤ ቀዛፊው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በእኛ ይሆናል። ክራሩ እዚያ ደረቅ፣ ባዶ ሆነብን። ሪቨርቡ ሲከፈት ግን... ልጁ ራሱ መጫወት አቁሞ ሳቀ።

አዳራሻችን ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሲሚንቶ ወለል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የብረት መስኮት፤ ሳል ብትስሉ እንኳ ይመልስላችኋል። እዚያ በሣጥኗ ላይ ሪቨርብ መጨመር ወጥ ላይ ወጥ ማፍሰስ ነው። ስለዚህ ለወላጆች ቀን ስንለማመድ የጊታሩን ሪቨርብ ወደ መጥፋቱ አደረስነው።

እዚህ ላይ ስለ ዋላስ ሳቢን ነገርኳቸው። በፈረንጆቹ 1895 ሃርቫርድ አንድ የመማሪያ አዳራሽ ማሚቶው ከመብዛቱ የተነሳ መምህሩ አይሰማም ነበርና ለዚህ ወጣት የፊዚክስ መምህር መላ ፈልግ ተባለ። ሌሊት ሌሊት፣ ከተማው ሲተኛ፣ ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ እያስመጣ ይደረድርና በኦርጋን ቧንቧ ድምፅ አሰምቶ እስኪጠፋ በሰዓት ይለካል። ትራሱ በበዛ ቁጥር ድምፁ ቶሎ ይሞታል። የሰው ገላና ልብስም ድምፅ ይውጣል። ዛሬ ሣጥናችን ላይ «ዲኬይ» የምንለው የሴኮንድ ቁጥር፣ ድምፁ 60 ዴሲቤል እስኪወርድ የሚፈጀው ጊዜ፣ ከእሱ ሥራ የመጣ ነው።

እኔ ታሪክ ብዬ ነው የነገርኳቸው። ጊታሪስታችን ግን ሥራ አድርጋ ወሰደችው። ሰኔ ላይ፣ የወላጆች ቀን፣ አዳራሹ እናቶች በነጠላ አባቶች በጋቢ ሞልተው ሲገቡ ያ ሁሉ ማሚቶ ተዋጠ፤ የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ጊታሩ እንደ ደረቅ እንጨት ቋ ቋ አለ። ላብ አጠመቀኝ። እሷ አንድ ቁልፍ ረገጠች። ለካ እያንዳንዱን ቅንብር ሁለት ሁለት አድርጋ አስቀምጣዋለች፣ አንዱ «ባዶ»፣ አንዱ «ሙሉ» ይላል። ጊታሩ ሁለቱም ላይ ኢኮኖሚ ነው። ለክራሩ ደግሞ ኮረሱንም ዲሌዩንም አውጥታ፣ ሪቨርቡን ሃይ አድርጋለት፣ ጭነቷ 70 አካባቢ ቆማለች። አልትራ ለምን አላደረግሽውም ብዬ በኋላ ጠየቅኋት። «መብራት መጥቶ ሲሄድ ስንቴ አስነሳናት ቲቸር፣ ትንሽ ትተንፍስ እንጂ» አለችኝ። መብራቱ ከጭነቱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም፤ ግን አልተከራከርኩም።

የሚያስፈልጉን ነገሮች፦ ሁለት ጃክ ኬብል፣ የጊታር ክር፣ ከተገኘ የሣጥኗ ቦርሳ። ሣጥኗ ክረምቱን ዕቃ ክፍል ውስጥ በፌስታል ተጠቅልላ ትቆያለች፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። የትዝታው ቅንብር 7 ቁጥር ላይ ተቀምጧል። መስከረም ላይ የምትመጡ አዲስ ልጆች ሌላውን እንደፈለጋችሁ ነካኩ፤ 7 ቁጥርን ግን ጊታሪስታችንን ሳትጠይቁ እንዳትነኩ።