ተጉለት አልጠፋም፤ ደብረ ብርሃንም አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ሰሜን ሸዋ ቅርሶች ያወጣችሁትን ሐተታ አንብቤዋለሁ። ስለ አንኮበር የተጻፈው ደህና ነው፤ አልቀየምም። ደሜን ያፈላው «ጥንት ተጉለት ትባል የነበረችው የዛሬዋ ደብረ ብርሃን» የሚለው ሐረግ ነው። ይባስ ብሎ ዝቅ ሲል «ዛሬ ስሟ እንጂ ራሷ የለችም» ይላል። እኔ ታዲያ የት ነው የተወለድኩት?

ተጉለት የአንድ አገር ስም ነው፤ እንደ መንዝ፣ እንደ ቡልጋ፣ እንደ ይፋት። ከመንዝ የሚያዋስነው የሞፈር ወንዝ ነው። ከመንዝ ተነሥቶ ሞፈርን ወደ ደቡብ የተሻገረ ሰው «ተጉለት ገባ» ይባላል እንጂ ደብረ ብርሃን ደረሰ አይባልም። ለደብረ ብርሃን ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል፤ ዘጋቢያችሁ በእግራቸው ቢሞክሩት ልዩነቱ በደንብ ይገባቸው ነበር።

ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቦታውንም በዚያው ስም ጠሩት። ይህን የአንደኛ ደረጃ ተማሪም ያውቀዋል። የተጉለት ስም ግን ከእርሳቸው መቶ ዓመት ያህል ቀድመው ከነገሡት ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ጋር ተያይዞ ሲነሣ የኖረ ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ከሆኑ ዘርዓ ያዕቆብ የቆረቆሩት ከተማ የለም፤ የሰው ከተማ ስም ለወጡ ማለት ነው። ሐተታችሁ ግን እዚያው ገጽ ላይ «ቆርቋሪው» ይላቸዋል። አንዱን ምረጡ።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን «ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ» የሚባል ነበር፤ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን። ዘጋቢው የአውራጃውን ስም ወስደው ከተማው ላይ ለጠፉት። በዚህ ስሌት ከሄድን ቡልጋም ደብረ ብርሃን ነው። ቡልጌዎች ሆይ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ እናንተም ሳታውቁት ከተሜ ሆናችኋል።

«ጠፋች» የተባለውም ያው ነው። የዚያ ዘመን ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ ነበሩ። ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ ረግተው መቀመጣቸው ራሱ እንግዳ ነገር ነው። ድንኳኑ ተነቅሎ ንጉሡ ቢሄዱ ገበሬው፣ ደብሩና ማሳው እዚያው ናቸው። ዛሬም ሳላ ድንጋይ ገበያ ቆማችሁ «ተጉለት የት ነው?» ብትሉ የሚመልስላችሁ ሰው መጀመሪያ ጤንነታችሁን ይጠይቃል።

ነገሩ የሚያንገበግበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። በአባቴ ወረቀት ላይ የትውልድ ቦታው ተጉለትና ቡልጋ ይላል። እኔ መታወቂያ ላሳድስ በሄድኩበት ቢሮ ግን «ተጉለት የሚባል ወረዳ ኮምፒውተሩ ላይ የለም» ተብዬ ተመለስኩ። እውነት ነው፣ የለም። ባሶና ወራና አለ፣ ሞጃና ወደራ አለ፣ አንጎለላና ጠራ አለ። መንዞች ዕድለኞች ናቸው፤ ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ ተብለው ሲከፋፈሉ እንኳ «መንዝ» የሚለው ከፊታቸው ቀርቶላቸዋል። የእኛን ስም ጽሕፈት ቤቶች ተዉት፤ ያንን ችለን ኖርን። አሁን ደግሞ ጋዜጣ መጥቶ ሙት ነው ብሎ ለቅሶ ተቀመጠ። ሐተታውን ሲያዘጋጁ አንድ ተጉለቴ አላናገሩም፤ ቢያናግሩማ ኖሮ የጠፋ ሕዝብ አግኝተናል ብለው ሌላ ዜና በሠሩ ነበር!

ማረሚያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ማረሚያው ከማስታወቂያዎች ሥር በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ሐተታው በወጣበት ገጽ ይሁን፤ ደብረ ብርሃን በቀድሞው ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ዋና ከተማ እንደነበረች፣ ተጉለት ደግሞ ዛሬም ሰው የሚኖርበት አገር እንደሆነ ይጻፍ። «የጠፋችው ከተማ ፍርስራሽ» ተብሎ የወጣውን ፎቶግራፍ በተመለከተ፣ የድንጋይ ካቡ የከብት በረት ይመስለኛል፤ ባለቤቱን ብታስፈቅዱ መልካም ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ተጉለቴ አንባቢያችሁ