ለደንበኞቻችን፦ የደሞዙ ክፍል ለብቻው የማይታደሰው ለምንድነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን ስለ ሆቴል ማስተዳደሪያ ፕሮግራማችን አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ታነሱልናላችሁ። «የደሞዙን ብቻ አስተካክሉልን ስንላችሁ ካሸሩንም ሂሳቡንም ለምን ትነካካላችሁ? እሱ ደህና እየሠራ አይደል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ደህና የሚሠራ ነገር ሲነካ እኛም ደስ አይለንም።

ፕሮግራማችን ላያችሁት አንድ ይመስላል እንጂ አምስት ክፍሎች አሉት፤ ሪሴፕሽን፣ ካሸር፣ ስቶር፣ ደሞዝና ሂሳብ። እያንዳንዱ ለብቻው ይሠራል፤ የራሱ ቨርዥን (የእትም) ቁጥርም አለው። ሥራቸው ግን የተያያዘ ነው። 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ የምታስከፍሉ ሆቴሎች ከሆናችሁ፣ እንግዳው ሲከፍል ካሸሩ ይመዘግበዋል። ወር ሲሞላ ያ ገንዘብ ለሠራተኛው ተከፋፍሎ ደሞዝ ውስጥ ይገባል። ደሞዝ ደግሞ ግብሩንና የሠራተኛውን 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ቀንሶ፣ የአሠሪውን 11 በመቶ አስልቶ ወደ ሂሳብ ይልካል።

ከሁሉም ሥር እናንተ የማታዩት የጋራ ክፍል አለ። ሳንቲም ማጠጋጋት፣ ታክስ ማስላት፣ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጆቹ መቀየር የእሱ ሥራ ነው። ሰርቨሩ (ዋናው ኮምፒውተር) ላይ የሚቀመጠው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ጋ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደሞዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ሲታይ የአንድ ሠንጠረዥ ለውጥ ነው። ነገር ግን የቀድሞ ወር ደሞዝ እንደገና ሲታተም በድሮው ሠንጠረዥ መሰላት አለበት። ስለዚህ የጋራው ክፍል ማንኛውንም ታክስ፣ ቫትንም ጭምር፣ ከማስላቱ በፊት «የመቼ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረግነው። የድሮው ካሸር ደግሞ ይህን ጥያቄ መመለስ አያውቅም። ደሞዝ አዲሱን የጋራ ክፍል ይፈልጋል፣ ካሸር የድሮውን፤ ያለው አንድ ነው። ካሸሩም አብሮ ካልታደሰ በማግስቱ ደረሰኝ አይወጣም።

«ሁለቱንም ቅጂ ብታስቀምጡስ?» ያሉን የአይቲ ባለሙያዎች አሉ። ይቻላል። ግን አንዱ ቅጂ ሳንቲሙን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ካጠጋጋ የካሸሩና የሂሳቡ ድምር አይገናኝም። ኦዲተር ፊት የምትቀርቡት ደግሞ እናንተ ናችሁ። እኛ አልደፈርንም።

ሌላም ነገር አለ። አምስቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ሦስት ቨርዥን ቢኖራቸው 243 ዓይነት ቅንብር ይወጣል። ይህን ሁሉ ፈትሻለሁ የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ስለዚህ ከእንግዲህ ክፍሎቹን የምናወጣው አብረው ተፈትሸው ባለፉበት ጥቅል ነው። ጥቅሉ የሚጠራው በዓመቱና በወሩ ነው፤ የ2018 የካቲት ጥቅል 18.06 ይባላል። ሐሳቡን የወሰድነው ኡቡንቱ የተባለውን የኮምፒውተር ሲስተም ከሚያወጡት ሰዎች ነው። እነሱም በሚያዝያ 2016፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2024፣ ያወጡትን 24.04 ብለውታል። ስትደውሉልን ይህን አንድ ቁጥር ብትነግሩን ይበቃል፤ «ስለ ፕሮግራሙ» የሚለው ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ።

ጥቅሎቹ የሚወጡት በጥቅምት፣ በየካቲትና በግንቦት ነው። ሰኔና ሐምሌን ሆን ብለን ዘለናል። ሰኔ መጨረሻ የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፤ ሐምሌ 19 ደግሞ ሐዋሳ ገብርኤል ነው፣ አልጋ እንኳ አይገኝም። ታኅሣሥ 19ም ያው ነው። የሲዳማን ዘመን መለወጫ የፍቼ ጨምበላላን ቀን አያንቶዎች፣ ማለትም የሲዳማ ቀን ቆጣሪ ሽማግሌዎች፣ ኮከብ አይተው ስለሚያሳውቁ አስቀድመን መቁጠር አንችልም። ከግንቦቱ ጥቅል ጋር ከገጠመ ጥቅሉ በሳምንት ይገፋል።

አዋጅ ወይም የደኅንነት ቀዳዳ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። በ2014 ታኅሣሥ አካባቢ ሎግፎርጄ የሚባል ትንሽ የጋራ ክፍል ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ እንቅልፍ አጥቷል። እንዲህ ያለ ሲመጣ ሳንዘገይ እናወጣለን። ያኔም ቢሆን ጥቅሉ በሙሉ እንደገና ይፈተሻል፤ ቁጥሩም 18.06.1 ይሆናል።

የምንጭነው ሌሊት ነው፣ ናይት ኦዲት (የዕለቱ ሂሳብ መዝጊያ) ካለቀ በኋላ። መጀመሪያ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይወሰዳል። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም አንዱ ክፍል እምቢ ቢል አምስቱም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ የሚያድር ሰርቨር አይኖርም። ጠዋት ካሸራችሁ የሚያየው ወይ አዲሱን ነው ወይ የትናንቱን።

ይህን የማይወድ ደንበኛ እንደሚኖር እናውቃለን። በተለይ «የለመድኩትን አትንኩብኝ» የሚል። እሱም መብቱ ነው፤ አንድ ጥቅል መዝለል ይቻላል። ሁለት መዝለል ግን አይቻልም፣ ከአንድ በላይ ወደ ኋላ የቀረ ጥቅል ላይ ጥገና አንሰጥም። ለመጫኑ ተጨማሪ ክፍያ የለም።

ለራሳችሁ ብቻ ያሠራችሁት የደረሰኝ ወይም የሪፖርት ቅርጽ ካለ ናሙናውን እስከ መስከረም መጨረሻ ላኩልን። ከጥቅምቱ ጥቅል ጋር አብረን እንፈትሸዋለን። የሚመቻችሁን ሌሊትም በዚያው ንገሩን፤ ቅዳሜና እሑድ ባይሆን ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሶፍትዌር ክፍሉ፣ ሐዋሳ