ክፍል ሁለት የት ገባ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

«ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በአማርኛ አይሸጥም» የሚለው አባባል ከመጽሐፍ ሻጮች አፍ አይጠፋም። በአርትዖትና በኅትመት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የምናየው ግን ሌላ ነው። በራሱ ወጪ የሚያሳትም ደራሲ ሽፋኑ ላይ «ክፍል አንድ» ብሎ ያወጣል፤ ክፍል ሁለት ሳይመጣ ይቀራል። አንድ ጊዜ እንዲህ የቀረበት አንባቢ በሚቀጥለው ጊዜ «ክፍል አንድ» የሚል ሽፋን ሲያይ መጽሐፉን መልሶ ያስቀምጣል። ክፍል ሁለትን የሚያስቀሩት ውሳኔዎች አብዛኞቹ የሚወሰኑት ክፍል አንድ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ስለሆነ፣ ጥፋቱን ወደ ዘውጉ ባናዞር ይሻላል።

ከገንዘቡ እንጀምር። የወረቀት ዋጋ ስለሚለዋወጥ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ብቻ ነው የወሰድናቸው። ደራሲው 1,000 ቅጂ አሳተመ እንበል። አንዱ ቅጂ 200 ብር ፈጀ፣ የሽፋን ዋጋው 500 ብር ሆነ፣ አከፋፋዩ 40 በመቶ ወሰደ። ለደራሲው በቅጂ 300 ብር ይደርሰዋል፤ ያወጣውን 200,000 ብር ለመመለስ ብቻ 667 ቅጂ መሸጥ አለበት። 400 ከተሸጠ 80,000 ብር ጎደለበት፣ 600 መጽሐፍ ደግሞ ቤቱ ተከመረ። አከፋፋይ በዱቤ ከወሰደም የተሸጠው ገንዘብ ቶሎ አይመለስም። ነጠላ መጽሐፍ ላወጣ ሰው ይህ ኪሳራ ብቻ ነው። ተከታታይ የጀመረው ግን ክፍል ሁለትን የሚያሳትምበትን ገንዘብ ነው ያጣው። ሌላም ነገር አለ፤ አንደኛውን ያላነበበ ሁለተኛውን አይገዛምና የክፍል ሁለት ኅትመት መታሰብ ያለበት ክፍል አንድ በተሸጠበት ቁጥር ነው፣ በታተመበት አይደለም።

ማተሚያ ቤቶች «ቁጥሩ ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ በኦፍሴት ኅትመት የፕሌቱና (ገጹ የሚቀረጽበት ሳህን) የማሽን ዝግጅቱ ወጪ ለብዙ ቅጂ ይካፈላል። ቢሆንም ስሙ ያልታወቀ ደራሲ በዲጂታል ማተሚያ 150 ወይም 200 ቅጂ አሳትሞ በአንዱ ላይ ጥቂት ቢጨምር፣ ለክፍል ሁለት የሚሆነው ገንዘብ እጁ ላይ ይቆያል። ካለቀ ይደግማል።

ወደ ጽሑፉ እንምጣ። ተከታታዩ ባለ ሦስት ክፍል ነው እንበል። ክፍል አንድ ከመታተሙ በፊት ክፍል ሁለት በረቂቅ ደረጃ ማለቅ፣ ክፍል ሦስት ቢያንስ በምዕራፍ ዝርዝር መቀመጥ አለበት። ደራሲው ክፍል ሁለትን ሲጽፍ «ይህን መሣሪያ እኮ በመጀመሪያው መጽሐፍ ሰብሬዋለሁ» የሚልበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። የመጀመሪያው ገና ኮምፒውተር ውስጥ ከሆነ አንድ መስመር ያስተካክላል፤ ታትሞ ከሆነ ግን ሁለተኛው መጽሐፍ ለመጀመሪያው ሰበብ ሲፈልግ ያልቃል።

ከረቂቁ ጎን የሚሄድ መዝገብም ያስፈልጋል፤ ኤክሴል ይበቃል። አንዱ ገጽ ለሰዎች ነው፤ የተወለዱበት ዓመት፣ በየመጽሐፉ ያላቸው ዕድሜ፣ ጠባሳቸው፣ የትኛውን ምስጢር በየትኛው ምዕራፍ እንዳወቁ። ሌላው ለመሣሪያዎች ነው፤ እዚህ ላይ መሣሪያው የሚችለውን መጻፍ ቀላል ስለሆነ የማይችለውን መጻፍ ይበልጣል። ሦስተኛው ለርቀትና ለጊዜ፣ አራተኛው ለአጻጻፍ። በአማርኛ አራተኛው ቀልድ አይደለም። አንዱ ምዕራፍ ላይ «ሠራዊት» ሌላው ላይ «ሰራዊት» የሚል ደራሲ በኮምፒውተር ፈልጎ ለመተካት ሲሞክር ግማሹን ብቻ ያገኛል። የሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ የሰና ሠ፣ የአና ዐ፣ የጸና ፀ ምርጫ ለእያንዳንዱ ስም አንድ ጊዜ ይወሰናል፤ በሦስቱም መጻሕፍት ይጸናል።

ሳይንሱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በከባዱ ቦታ ሳይሆን በተራው ነው። ታሪኩ ማርስ ላይ ነው እንበል። መልእክት በብርሃን ፍጥነት እየተጓዘ ከማርስ ምድር ለመድረስ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ ጥያቄና መልሱ ከ6 እስከ 44 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለች እናት ማርስ ካለ ልጇ ጋር በስልክ ልትጨቃጨቅ አትችልም፤ የድምፅ መልእክት ትልካለች እንጂ። ለተረኪው ይህ ዕድል ነው፤ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ነገር ይሆናላ! ለጉዞ አመቺው ጊዜ የሚገኘው በ26 ወር አንዴ ነው፣ መንገዱም ከ6 እስከ 9 ወር ይወስዳል፤ «በሚቀጥለው ወር እርዳታ ይደርሳል» የሚል አዛዥ ውሸታም ነው ወይም ደራሲው አልቆጠረም። የማርስ ቀን 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ35 ሴኮንድ ስለሆነ ከ36 ቀን በኋላ የማርስ አቆጣጠር ከምድሩ አንድ ሙሉ ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል። የረቡዕና የዓርብ ጾም በየትኛው ይያዛል? ይህን ጥያቄ ከእኛ ደራሲ ሌላ የሚያነሳው ያለ አይመስለንም፤ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ምድር ላይ ለሚቀሩም ወጥመዱ አለ። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያመጠቀቻት የመሬት ምልከታ ሳተላይት ዓይነት ከምድር በላይ በ600 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትዞር ናት፤ ምድርን አንዴ ለመዞር ወደ 97 ደቂቃ ይበቃታል፣ አንድን ከተማ በአንድ ዙር የምታየውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቆማ ጠላትን ሌሊቱን ሙሉ የምትከታተል ሳተላይት የሚፈልግ ደራሲ ብዙ ሳተላይቶች ያሰልፍ። 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችውማ ከምድር ወገብ በላይ እንደቆመች ትቆያለች፤ ከዚያ ርቀት የሰው ፊት መለየት ግን አይታሰብም።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ደግሞ የሚገርም ነው። በእኛ አቆጣጠር የሚጽፍ ደራሲ እንቁጣጣሽን ሁልጊዜ ከሴፕቴምበር 11 ጋር ያገጣጥማል፤ ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ብቻ 12 ይላል። ይህ የሚሠራው እስከ 2099 እ.ኤ.አ. ነው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር 2100 ዓመት ፌብሩዋሪ 29 የለውም፣ በእኛ ግን ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ያለማቋረጥ 6 ትሆናለች፤ ስለዚህ ከ2093 ዓ.ም. ጀምሮ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12፣ ከሉቃስ በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ 13 ይውላል። ታሪኩ በሃያ ሁለተኛው መቶ ዘመን የሆነ ሰው የመቀየሪያ ሠንጠረዡን ከዛሬው ቀን መቁጠሪያ አይቅዳ።

ረቂቁን ከስድስት ወይም ከሰባት ላላነሱ አንባቢዎች መስጠት ተገቢ ነው። ቢያንስ አንዱ ፊዚክስ ወይም ምሕንድስና የተማረ፣ አንዱ ደግሞ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጨርሶ የማያነብ ይሁን፤ የመጀመሪያው ስሕተቱን፣ ሁለተኛው አሰልቺውን ቦታ ያሳያሉ። አሜሪካዊው አንዲ ዊር በማርስ ላይ ስለተጣለው ጠፈርተኛ የጻፈውን ልብ ወለድ ምዕራፍ በምዕራፍ በራሱ ድረ ገጽ ሲያወጣ አንባቢዎቹ ስሌቱን እያረሙለት ነው የሄደው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በአማዞን የኢመጽሐፍ መደብር በኪንድል ላይ በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ሸጠው። ያም ሆኖ ታሪኩን የሚያስጀምረው ማዕበል ከሳይንሱ ጋር አይሄድም፤ የማርስ አየር ግፊት ከምድር 1 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ ነፋሱ ከባድ መንኮራኩር ለመጣል አቅም የለውም። ደራሲው እያወቀ ነው ያስገባው። እያወቁ መጣስና ሳያውቁ መሳሳት ይለያያሉ፤ እያወቁ የጣሱት በመዝገቡ ይጻፍ።

ፋይሉን በተመለከተ የምናየው ብክነት ያሳዝናል። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም ግን ከዚያ ውጪ በሆኑ አሮጌ የፊደል ቅርጾች (ፎንቶች) የተተየቡ ረቂቆች ይመጣሉ። በወረቀት ሲታተሙ ችግር የለባቸውም፤ ወደ ኢመጽሐፍ ሲቀየሩ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናሉ። መፈተሻው ቀላል ነው፤ አንድ አንቀጽ መርጦ ቅርጹን ወደ አቢሲኒካ ወይም ወደ ኖቶ መቀየር ነው። ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፤ ከተዘበራረቀ ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም አልፎ እንደገና መነበብ አለበት። ሁለቱም ቅርጾች በነፃ ፈቃድ የሚገኙ ስለሆኑ ኢመጽሐፉ ውስጥ አብረው ቢታሸጉ የሚከለክል የለም። ሌላው ልማድ አራት ነጥብን በሁለት ሁለት ነጥብ መሥራት ነው። ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ምልክቶች ናቸው፤ አንዳንዴም መስመር መጨረሻ ላይ ይለያያሉ። ከነጥቡ በፊት ክፍተት የሚተዉም አሉ፤ ነጥቡ ብቻውን የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ይወድቃል። እነዚህን አርሞ ለገጽ ቅንብር መስጠት ነው፤ ከቅንብር በኋላ የሚገባ እርማት ገጽ ያንሸራትታል፣ ማውጫውን ያበላሻል።

በማተሚያ ቤት ገጾች በ16 ወይም በ32 እየታጠፉ ይሰፋሉ ወይም ይጣበቃሉ። 260 ገጽ የያዘ መጽሐፍ በ16 ሲታጠፍ 272 ይሆናል፤ ደራሲው ለ12 ባዶ ገጽ ከፈለ ማለት ነው። አራት ገጽ ቢያሳጥር 256 ላይ ይቆምለታል። ባለ 80 ግራም ወረቀት አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ 256 ገጽ ጀርባው ወደ 13 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ የሽፋን ንድፍ አውጪው ይህን ሳያውቅ ከሠራ የመጽሐፉ ስም ከጀርባው ወደ ፊት ለፊቱ ይፈስሳል። በሦስቱም ክፍሎች መጠኑ፣ የወረቀቱ ዓይነትና የጀርባው ቁጥር ቦታ አንድ መሆን አለበት። አንደኛው 14 በ20፣ ሁለተኛው ኤ5 ከሆነ መደርደሪያ ላይ ወንድማማች አይመስሉም። ስለዚህ የሽፋኑን ንድፍ ለሦስቱም በአንድ ጊዜ ማሠራት፣ ዋናውን ፋይልም ከንድፍ አውጪው መቀበል ያስፈልጋል፤ ሥዕሉን ብቻ የተቀበለ ሰው ለክፍል ሁለት እንደገና ከዜሮ ይከፍላል።

ዓለም አቀፉ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር የሚሰጠው በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በወመዘክር ነው፤ የኢትዮጵያው በ978-99944 ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ፣ ለወረቀቱና ለኢመጽሐፉም የተለያየ ቁጥር ነው፤ ሦስቱ ክፍሎች በአንድ ጥራዝ ሲወጡ ደግሞ ሌላ።

መብቱ ላይ ጠንከር እንበል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት የሚገኘው ሥራው እንደተፈጠረ ነው፤ ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ምዝገባ ለማስረጃ ይረዳል እንጂ መብቱን አይፈጥረውም። አደጋው የሚመጣው ከውሉ ነው። «የመጽሐፉን መብት በሙሉ» የሚል አንድ መስመር ፈርሞ ድምፁን፣ ትርጉሙን፣ ፊልሙንና የሚቀጥሉትን ክፍሎች አብሮ የሰጠ ደራሲ ክፍል ሁለትን በራሱ ማውጣት ይቸግረዋል። ውሉ ለአንድ ክፍል፣ ለአንድ ቅርጽ፣ ለተወሰነ ዓመት ይሁን። ሂው ሃዊ የተባለ አሜሪካዊ በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ አጭር ታሪክ ብቻውን ኪንድል ላይ ለቀቀ፤ አንባቢ «ቀጣዩስ?» ሲል ተከታዮቹን አከታተለ። በኋላ ትልቅ አሳታሚ ሲመጣ በአሜሪካ የወረቀቱን መብት ብቻ ሸጦ ኢመጽሐፉን በእጁ አስቀረ። የእኛ ገበያ እንደዚያ ሰፊ ባይሆንም በአጭር ጀምሮ ፍላጎትን መለካት፣ መብትን ከፋፍሎ መሸጥ እዚህም ይሠራል።

ለውጭ አገር አንባቢ በአማዞን ማተምን የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ኢመጽሐፉ ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ሲሸጥ የደራሲው ድርሻ እስከ 70 በመቶ፣ ከዚያ ሲያንስ ወይም ሲበልጥ 35 በመቶ ነው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት እዚህ ላለው ደራሲ ከአሜሪካ ሽያጭ ድርሻ 30 በመቶ ለግብር ይቆረጣል። ከሁሉ በፊት ግን ድርጅቱ የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር መመልከት ግድ ነው። የአማርኛን መጽሐፍ በሌላ ቋንቋ ስም አስመስሎ የጫነ ሰው መጽሐፉ አንድ ቀን ከሽያጭ ቢወርድበት የሚከራከርበት ነጥብ የለውም።

አሁን ወደ እናንተ። ቀድሞ ጋዜጦችና መጽሔቶች ልብ ወለድ በተከታታይ ያወጡ ነበር። ጋዜጣችሁ በሳምንት 1,500 ቃል የሚይዝ ዓምድ ቢሰጥ በ40 ሳምንት 60,000 ቃል፣ ማለትም አንድ ሙሉ መጽሐፍ ይሆናል። ደራሲው ያለ ኅትመት ወጪ አንባቢውን ያውቃል፣ እርማት ይሰበስባል፣ ስንት ቅጂ ማሳተም እንዳለበትም ይገምታል። ተቆርጦ እንዳይቀር ሙሉ ረቂቁ የመጀመሪያው ሳምንት ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ዝግጅት ክፍሉ እጅ ይግባ። ጋዜጣው የሚወስደው መጀመሪያ የማውጣትን መብት ብቻ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ በደራሲው እጅ ይቆይ። ከዓምዱ ግርጌ ለአንባቢ እርማት አምስት መስመር ይተው፤ ደራሲውም ትንሽም ቢሆን ክፍያ ይኑረው። ደራሲው በውድድር ይመረጥ፤ ለውድድሩ የሚቀርበው የሦስቱ ክፍሎች ጭምቅ ታሪክ በሁለት ገጽ፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ጽሑፍና ከላይ ያልነው መዝገብ ቢሆን ይበቃል። መዝገብ የሌለው ተከታታይ ሃያኛው ሳምንት ላይ ራሱን መቃረን ስለሚጀምር፣ ምርጫው ላይ ይህን እንዳትዘሉት አደራ እንላለን።

ከአክብሮት ጋር
በመጽሐፍ አርትዖትና ኅትመት ሥራ ላይ የተሰማሩ አንባቢዎቻችሁ
አዲስ አበባ