የእህትህን ልጅ እንዲህ በለው

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። “አንተ ሰውዬ፣ አለህ ወይ?” የሚለው መልእክትህ በማላውቀው ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ ብድር ፈላጊ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ በዶርም ስሜ ስትጠራኝ ግን ማን እንደሆንክ ገባኝ። አለሁ። ፀጉሬ ሳሳ እንጂ አለሁ። ዝምታው የሁለታችንም ስለሆነ ወቀሳውን እኩል ተካፍለን እንለፈው።

ጥያቄህን በቴሌግራም ልመልስልህ ጀመርኩና አልበቃኝ አለ። የእህትህ ልጅ ፍሬሽማን ጨርሶ ዲፓርትመንት ሊመርጥ ነው። “ኢንጂነሪንግ ውስጥ የቱ ነው ሥራ ያለው?” ይልሃል። አንተ ደግሞ ቨርጂኒያ ተቀምጠህ ነገሩን ወደ እኔ ገፋኸው። እሺ፣ እንግዲያው ስማኝ።

እኛንም እኮ ያመጣን ይኸው ጥያቄ ነው። ከመቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር የተባለበት ዘመን ነበር። መንገድ ይሠራል፣ ኮንዶሚኒየም ይሠራል፣ ሰዉ ሁሉ ሲቪል ሲቪል አለ። ስንመረቅ ሥራው አልጠፋም፤ ሰልፉ ግን ረዝሞ ጠበቀን። ዲግሪ ይዘው ኮብልስቶን ያነጠፉ ልጆች ወሬ የዚያ ጊዜ ነው። አሁን ደግሞ የማገኛቸው ወላጆች ሁሉ ኤሌክትሪካል ይሉኛል። ምክንያቱ ይገባኛል። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ማን በዚህ አይኮራም? ግን ግድብ ብዙ ሰው የሚቀጥረው ሲገነባ ነው። ካለቀ በኋላ በየፈረቃው የሚያንቀሳቅሰው ሰው ጥቂት ነው። ሥራው የሚሄደው ወደ ማስተላለፊያ መስመር፣ ወደ ሰብስቴሽን፣ ወደ ሰፈር ትራንስፎርመር ነው። ልጁ ኤሌክትሪካል ያሰበው ግድቡን አይቶ ከሆነ፣ የሚጠብቀው ምሰሶና ፓኔል መሆኑን ቀድሞ ይወቅ። እሱን ከወደደ ይግባ፤ ጥሩ ሥራ ነው።

ደግሞ ልጁ የሚመረቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የዚያን ጊዜውን ገበያ ማን ያውቀዋል? ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ይከለከላል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። በ2016 ተከለከለ። ዛሬ ጋራዥ ያላቸው ሰዎች አጥብቀው የሚፈልጉት የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ኮምፒውተር ሰክቶ ችግሩን የሚለይ ልጅ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ። የፌሮ፣ የኮንክሪቱ ብረት፣ ዋጋ የት እንደደረሰ አትጠይቀኝ! ከዚያ ወዲህ እኛ ቢሮ ውስጥ የሚፈለገው የዋጋ ማስተካከያ ስሌት ሠርቶ፣ ደብዳቤውን በውሉ አንቀጽ አስደግፎ፣ ቀኑ ሳያልፍ ለአማካሪው የሚያስገባ ሰው ነው። እኛ ይህን የተማርነው ለፈተና ብቻ እያነበብን ባለፍነው ኮርስ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ልጁ ሌላ ነገር ይጠይቅ። ምን ዓይነት የሥራ ቀን ይስማማዋል? ሲቪል ሆኖ ሳይት ከገባ፣ ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ ኮንክሪት ወለል፣ በሚሞላበት ቀን ማለዳ ተነስቶ ማታ ሚክሰሩ እስኪታጠብ ይቆማል። ከፎርማን ይጨቃጨቃል፣ ፀሐይ ይበላዋል። ሜካኒካል ሆኖ ፋብሪካ ጥገና ከገባ፣ ማሽኑ የሚቆመው እሱ ሲተኛ ነው። ኬሚካል ከሆነ ፈረቃና ላብራቶሪ ይጠብቁታል። ቢሮ ቁጭ ብሎ ስሌትና ውል መሥራት የሚወድም አለ፤ ለእሱም ቦታ አለው። አንተ ሜካኒካል ተምረህ ዛሬ የሕንፃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ዲዛይን ትሠራለህ። ዲፓርትመንት ስንመርጥ ይህ ሥራ መኖሩን እንኳ አናውቅም ነበር።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

የምሠራበት ተቋራጭ አዲስ ተመራቂ ሲቀጥር ከጠያቂዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። ማመልከቻው ይቆለላል። ዘንድሮ ደግሞ ብዙዎቹ በቻትጂፒቲ ስለሚያስጽፉት አንድ ሰው ደጋግሞ ያመለከተ ይመስላል። ሁሉም ታታሪ ነው፣ ሁሉም በቡድን መሥራት ይችላል። አውቶካድ፣ ኢታብስ፣ ሬቪት፣ ፕሪማቬራ የሚባሉትን የኢንጂነሪንግ ሶፍትዌሮች የማይችል የለም። ወረቀቱን ወደ ጎን አደርግና ሜትር አቀብላቸዋለሁ። “የተቀመጥንበትን ክፍል የውስጥ ልስን ለክተህ ወረቀት ላይ አስፍርልኝ።” በቃ፣ ፈተናዬ ይኸው ነው።

ብዙው ይደነግጣል። የስትራክቸር ጥያቄ ጠብቆ ነበራ! አንዳንዱ ግድግዳውን ለክቶ በርና መስኮቱን ሳይቀንስ ያስረክበኛል። አንድ የሚያስቀና ጂፒኤ ያለው ልጅ ከወለል እስከ ኮርኒስ ለካና “ጨረስኩ” አለኝ። ከኮርኒሱ በላይ ልስን ይኑር አይኑር አልጠየቀም። አምና የቀጠርናት ልጅ ግን ሜትሩን ሳትዘረጋ፣ “የመስኮቱ ጎንና ጎን ከልስኑ ጋር ነው የሚለካው ወይስ ለብቻው? ውሉ ምን ይላል?” አለችኝ። ያኔውኑ ልቤ ቀጥሯታል። ጂፒኤዋ መካከለኛ ነው። ኢንተርንሽፗን፣ የተማሪነት የሥራ ላይ ልምምዷን፣ ያሳለፈችው አንድ ትንሽ የጤና ጣቢያ ግንባታ ላይ፣ ከአንድ አዛውንት ፎርማን ጋር ነበር። እዚያ ኢታብስ ያሳያት ሰው የለም። ግን ባለ 12 ሚሊ ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ እንደሚመዝን ከእንቅልፏ ብትቀሰቅሳት ትነግርሃለች። ዲያሜትሩን በራሱ ማባዛት፣ ከዚያ ለ162 ማካፈል። አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 13 ብሎኬት እንደሚበላም ታውቃለች፤ 12 ተኩሉ ለግድግዳው፣ ግማሹ ለሚሰበረው። ይህን ሁሉ ያስተማሯት ፎርማኑ ናቸው።

በሌላውም ሙያ ያው ነው። ለኤሌክትሪካሉ የስታር ዴልታ፣ የትልቅ ሞተር ማስነሻ፣ ሥዕል ዘርግተህ “ሞተሩ አልነሳ ቢል ከየት ትጀምራለህ?” በለው። ለሜካኒካሉ 6205 የሚል ኩሽኔታ ስጠው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች በ5 አባዝቶ “የውስጡ ቀዳዳ 25 ሚሊ ነው” ካለህ፣ እጁ ግሪስ ነክቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ለልጁ የምነግረው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ኢንተርንሽፑን እንደ ዕረፍት አያሳልፈው። የሚሆነውን ታውቃለህ። ተማሪው የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዞ በመጨረሻው ሳምንት ይዞራል። የተቀበለው መሥሪያ ቤት ጥግ ላይ ወንበር ይሰጠዋል። ስልኩን ሲነካካ ይውላል። መጨረሻ ላይ የአምናውን ተማሪ ሪፖርት ስሙን ቀይሮ ያስገባል፣ አለቃው ያላየውን ሥራ “በጣም ጥሩ” ብሎ ይሞላለታል። አንድ ሙሉ ሴሚስተር እንዲህ ያልቃል። ከአምስቱ ዓመት ውስጥ ቀጣሪ ከልቡ የሚጠይቀው ስለዚያች ሴሚስተር መሆኑን የሚነግራቸው የለም።

ቦታውን ከአንድ ሴሚስተር በፊት ራሱ ይፈልግ። ስሙ የገነነ ትልቅ ድርጅት ካልሆነ አይበል። ትልቁ ቦታ ኢንተርኖች ብዙ ናቸው፣ የሚነካ ነገር ግን አይሰጣቸውም። ትንሽ ሳይት ላይ ሰው ስለሚያጥር ሳይወድ በግድ ያሠሩታል። ሲገባ ከኢንጂነሩ በፊት ከፎርማኑ፣ ከሰርቬየሩና ከመጋዘን ኃላፊዋ ጋር ይወዳጅ። ሻይ ይጋብዝ። ማታ ማታ ያየውን በደብተር ይጻፍ፤ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ወጣ፣ ስንት ሜትር ኩብ ተሞላ፣ ለምን ሥራው ቆመ። ለጥንካሬ ፈተና የተወሰደው የኮንክሪት ኩብ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ሲሰበር ውጤቱን ጠይቆ ይመዝግብ። ከዚያ አንድ ሥራ ብቻ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ራሱ ይጨርስ። የሕንፃውን ሥዕል ተቀብሎ ሙሉ ልኬቱን ሠርቶ፣ በውሉ ላይ ካለው መጠን ጋር አስተያይቶ፣ የት እንደተለያየና ለምን እንደተለያየ ሁለት ገጽ ይጻፍ። ይህን ይዞ ቃለ መጠይቅ የመጣ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢመጣ ሜትሩን ከኪሴ አላወጣም ነበር።

እስከዚያ ድረስም ክረምቱ አለ። ያለ ክፍያም ቢሆን ወርክሾፕ ይግባ፣ ብረት ሲበየድ ይይ፣ ፓኔል ሲታሰር ሽቦ ያቀብል። እህትህ “ልጄን እንጀራ አጥቶ ጋራዥ አስገባኸው” ብላ እንዳትጣላኝ ብቻ አንተ አስረዳት።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበልህ። ጂፒኤ አይናቅ፤ ብዙ ማስታወቂያ በእሱ ስለሚገድብ ለበሩ ያስፈልገዋል። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ከመቶ 50 ካላመጣ ዲግሪው አይሰጠውም። ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ኖቱን ሰብስቦ ይያዝ እንጂ ለፈተናው ብሎ ሌላውን አይተው። ኮድ መማርም ጥሩ ነው። አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የተባለው ሥልጠና በነፃ አለ፤ ግን ሰርተፍኬት ከመደርደር በተማረው ነገር አንድ የሳይት ሠንጠረዥ ቢያቃልል ይሻለዋል። እንግሊዝኛ ግን፣ ወንድሜ፣ እንግሊዝኛ! ከአማካሪው ጋር የምንጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ውሉም እንደዚያው። አምስት መስመር የሚገባ ደብዳቤ የሚጽፍ ተመራቂ ስናገኝ ቢሮው በሙሉ ይደሰታል።

“ያለ ዘመድ ሥራ የለም” ይልህ ይሆናል። አልዋሽህም፣ ዘመድ ያስቀጥራል። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ሰው የተያዘለት ቦታ አይቻለሁ። ማስታወቂያው ራሱ “ዜሮ ዓመት” ብሎ ከሥሩ የሁለት ዓመት ልምድ የሚጠይቅበት ጊዜም አለ። ግን ብዙው የሳይት ሥራ ጭራሽ ማስታወቂያ ላይ አይወጣም። ሥራ ሲጣደፍ ኃላፊው ስልክ ያነሳና “አምና እናንተ ጋ የነበረው ልጅ ምን ሆነ?” ይላል። የጤና ጣቢያዋን ልጅ ስም መጀመሪያ የሰጡን እኚያው ፎርማን ናቸው። የሥጋ ዘመዷ አይደሉም።

የመጀመሪያ ሥራ ሲመጣ አዲስ አበባ ካልሆነ አይበል። አካባቢው ሰላም ከሆነ የክፍለ ሀገር ፕሮጀክት ይሂድ። ማደሪያና የበረሃ አበል ይኖረዋል፤ ከሁሉም በላይ ሰው ስለሌለ የሦስት ሰው ሥራ ይማራል። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ወር ይጠብቅ። ደመወዙ ላይ ግብር እየተከፈለለት መሆኑን ያረጋግጥ። ነገ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲያመለክት ከግል ድርጅት የሚያመጣው ልምድ ግብር የተከፈለበት ካልሆነ አይቆጠርለትም። በዚህ ምክንያት ዓመታቸው የተቃጠለባቸው ጎበዞች አሉ። ሲለቅም ምን እንደሠራ በዝርዝር የተጻፈ የልምድ ደብዳቤ ያስፈርም።

ውጭ አገር መሄድ የሚለውን አንተው ብትነግረው ይሻላል። እኔ ልስበክ ብል “አንተ መች ሄደህ?” ይለኛል። አሜሪካ ውስጥ ለኢንጂነርነት ፈቃድ የመጀመሪያ የሆነውን፣ ኤፍኢ የሚሉትን ባለ 110 ጥያቄ ፈተና ለመቀመጥ ከተመረቅክ ስንት ዓመት በኋላ ካልኩለስ እንደከለስክ ንገረው። ማታ ፓርኪንግ እየሠራህ ቀን ስታነብ የነበረውንም አትደብቀው። እዚያ ለመድረስ የሚፈልግ ከሆነ የፍሬሽማን ሒሳቡን እንዳይጥል፣ የኮርስ ዝርዝሩንም ከአሁኑ አደራጅቶ እንዲይዝ የሚያሳምነው ያንተ ታሪክ ነው።

በል፣ ብዙ አወራሁ። የቅርጫ ዕዳህን አልረሳሁም፤ ስትመጣ ከነወለዱ እንነጋገራለን። ልጁን ስልኬን ስጠውና ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ይደውልልኝ። ከፈለገ አንድ ቅዳሜ አብሮኝ ሳይት ይዋል፣ ሲቪል ባይመርጥም ግድ የለም። ሄልሜት ትርፍ አለን። ሴፍቲ ጫማ ግን በልኩ ነው የሚወጣው፤ የጫማ ቁጥሩን ላክልኝ።

ያው የዶርም ወንድምህ