የባልዲሽ ነገር

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው?

ባለፈው በስልክ «ፕላስቲክ አይበሰብስም ትል አልነበር? ታዲያ ባልዲዬ እጄ ላይ ለምን ተፈረፈረ?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። እውነትሽን ነው። ነገሩ በስልክ አያልቅምና ልጻፍልሽ።

ፕላስቲክ ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደካማ ቦታ ሲያገኝ ማፍረሱን ከዚያ ይጀምራል። የተነካው ቦታ ከአየር ኦክስጅን ይይዛል፣ ጎረቤቱንም ይነካል። እንዲህ እያለ ይዛመትና ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል። ያኔ ዕቃው መለመጥ ትቶ ይሰበራል።

ግን ያንቺ ባልዲ ነጭ ነበር አይደል? ጣትሽ ላይ እንደ ጠመኔ የቀረው ዱቄት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ሳይሆን አይቀርም። ፕላስቲክን ነጭ ለማድረግ የሚጨመረው እሱ ነው። በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ሲበላ ዱቄቱ ብቻውን ይቀራል።

የሚገርመው፣ ይኸው ዱቄት ጠባቂም ሌባም መሆኑ ነው። አናታዝ የሚባለው ዓይነት የሞገድ ርዝመቱ ከ388 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ያጠረ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኑ ይነቃል። ከዚያ ከእርጥበትና ከኦክስጅን ጋር ተጋግዞ ፕላስቲኩን የሚያጠቁ ሞለኪውሎች ያመርታል። ሩታይል የሚባለው ወንድሙ ረጋ ያለ ነው። በስስ የሲሊካ ወይም የአሉሚና ሽፋን ከተለበጠ ደግሞ ጨረሩን ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ዕቃውን ያቆየዋል። ባልዲሽ ውስጥ የትኛው እንደነበር ሳላየው አልምልም።

ዱቄቱ ወደ ናኖ ሲወርድ ጉዳዩ ይብሳል። ጎኑ 1 ሳንቲሜትር የሆነ ኩብ አስቢ። የውጭ ገጹ 6 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። 10 ናኖሜትር ወደሆኑ ኩቦች ብትቆራርጪው ገጹ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል! ሥራው ሁሉ የሚሠራው ገጹ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ቁንጥር ብዙ ያደርጋል። ደቃቁ ግን እርስ በርሱ መጣበቅ ይወዳል። ተጓጉሎ ከቀረ ገጹ ተደበቀ ማለት ነው፤ ልፋቱም ከንቱ።

ጥቁሩ የውሃ ቱቦ ለምን ይቆያል ላልሽው፣ የካርቦን ጥላሸት አለበት። 2 በመቶ ገደማ በደንብ ከተሰራጨ ብርሃኑን ይውጠዋል።

«እንግዲያው አናታዙን ፌስታል ሁሉ ላይ ጨምሩበትና ፀሐይ ትጨርሰው» እንደምትዪ አውቃለሁ። የሚሞክሩት አሉ፤ መብራት ሥር ስስ ፕላስቲክ ክብደቱ ሲቀንስ ይታያል። እኔን ግን አላሳመነኝም። ቆሻሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበረው ብርሃን በማይደርስበት ነው። ግማሽ መንገድ ሄዶ ከቆመ ደግሞ የሚተርፈን ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ ፍርፋሪ ነው። ማን ይለቅመዋል?

እና እማዬ፣ የባልዲውን ስብርባሪ አፈር ላይ እንዳትጠርጊው። አጠራቅሚና አንድ ቁራጭ አስቀምጪልኝ፤ ስመጣ አየዋለሁ። አዲሱን ደግሞ ጥላ ሥር አድርጊው።

ልጅሽ